አንሶላ ለብቻ አይጨመቅም

ደብዳቤው

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። 34 ዓመቴ ነው። እናቴ በስትሮክ ግማሽ ጎኗ ከተያዘ አራት ዓመት ሆነ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ በየወሩ ገንዘብ ይልካል። እህቴ ዐረብ አገር ናት፤ ትደውላለች። ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። የሆቴል ሥራዬን ትቻለሁ። ያጨኝ ሰው ሁለት ዓመት ጠብቆ ሄደ፤ አልፈረድኩበትም። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣሁ እናቴን አገላብጣታለሁ።

ጎረቤት ሁሉ «ታድለሽ፣ የእናት ምርቃት ተቀባይ» ይለኛል። አንድ አባት ደግሞ «እግዚአብሔር ከአቅምሽ በላይ አይሰጥሽም» አሉኝ። እኔ ግን ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል። ዳዊት እደግማለሁ። ባለፈው ሐሙስ 87ኛው መዝሙር ላይ፣ ተይዣለሁ መውጫም የለኝ ከሚለው ቦታ ስደርስ መቀጠል አቃተኝ። የራሴን ብሶት መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ሳየው ደነገጥኩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄጄ ልጸልይ ብል ጣሪያው ላይ የተሣሉት መላእክት ሁሉ ዐይናቸውን የጣሉብኝ መሰለኝና አፍሬ ወጣሁ፤ አንዳንድ ሌሊት «ምነው እናቴ ባረፈች» ብዬ አስባለሁና። አንዳንዴም «ምነው እኔው ጠዋት ባልነቃሁ» እላለሁ። የዚህ ሁሉ መከራ ትርጉሙ ምንድን ነው? መጽሐፉስ ምን ይለኛል?

መውጫ ያጣሁት፣ ከጎንደር

መልስ

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ አስቀድሜ፣ መጨረሻው አካባቢ ጣል አድርገሽ ስላለፍሻት አንዲት ዐረፍተ ነገር ልጠይቅሽ። «ጠዋት ባልነቃሁ» ያልሽው ድካም ያናገረሽ ከሆነ አብረን እንቀጥላለን። ራስሽን ስለ መጉዳት ማሰብ ጀምረሽ ከሆነ ግን የእኔን ጽሑፍ እዚህ ላይ ተዪውና ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ ያ ሰው ይዞሽ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂድ። «ጠበሉስ?» ካልሽ ጠበሉም አይቀርም። ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍታችን የሚቆጠረው ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ ነው ይላል። ሐኪም ፊት መቀመጥን እንደ እምነት ማጣት የሚቆጥር ሰው ከገጠመሽ ይህን ምዕራፍ አንብቢለት።

አሁን ወደ ዳዊቱ እንምጣ።

87ኛው መዝሙር (በሌሎች መጽሐፍ ቅዱሶች አቆጣጠር 88ኛው ነው) አንቺን ብቻ አላስደነገጠም። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች እያለቀሱ ጀምረው መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ «ሰማኝ»፣ «አዳነኝ» ይላሉ። ይህኛው አይዞርም። ሲጀምር አንድ ጊዜ ብቻ እግዚአብሔርን የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ ይጠራዋል፤ ከዚያ በኋላ ጉድጓድ፣ ጨለማ፣ ሞገድ፣ መቃብር ነው። የመጨረሻው መስመርም ወዳጆቹና ዘመዶቹ ከእርሱ ስለ መራቃቸው ነው። እዚያው ላይ ያበቃል። መጽናኛ ቃል አልተጨመረበትም፤ ከመጽሐፉ ያወጣውም የለም።

እንዲያውም አባቶቻችን ምን እንዳደረጉ አስቢ። ዳዊትን በሰባቱ ቀን ሲከፍሉ ከ81 እስከ 110 ያለውን ለሐሙስ ሰጡ። ስለዚህ ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ፣ ልጁን የዳረ ደስተኛም፣ መኝታ ላይ ያለ በሽተኛም፣ በየሐሙሱ ይህን ጩኸት በገዛ አፉ ይጮኻል። ለአንዳንዱ ሰው ያ ሐሙስ የብድር ነው፤ የሌላውን ሰው ለቅሶ ያለቅሳል። ያንቺ ሐሙስ ደግሞ የራስሽ ሆነ። የራስሽን ብሶት መጽሐፍ ላይ አገኘሽ እንጂ ከመጽሐፍ አልወጣሽም። ምን ያስደነግጥሻል?

ትርጉሙን ጠይቀሽኛል። የጎንደር ልጅ ስለሆንሽ «አንድም» የሚለውን ቃል ታውቂዋለሽ። ላይ ቤትና ታች ቤት እየተባባሉ መጻሕፍትን ሲተረጉሙ የኖሩት የከተማሽ ሊቃውንት አንድን ጥቅስ በአንድ ፍቺ አያቆሙትም፤ «አንድም» ብለው ሌላ ያመጣሉ፣ እንደገና «አንድም» ይላሉ። ስለ መከራ የሚናገረውንም መጽሐፍ እንዲሁ ነው የማነብበው። «መከራ ማለት ይህ ነው» ብሎ አንዲት መልስ በእጅሽ የሚያስጨብጥሽ ሰው ካለ ጠርጥሪው፤ የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ኢዮብን ካነሣን አይቀር፣ «እንደ ኢዮብ ታገሺ» ያሉሽ ስንት ናቸው? እኔን ያሉኝን ቁጥር አላስታውሰውም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች አንብበው መጽሐፉን የከደኑ ይመስለኛል። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ ነው። በሦስተኛው ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። በሰባተኛው እግዚአብሔርን «እኔ ባሕር ነኝ ወይስ ዓንበሪ፣ ጠባቂ የምታቆምብኝ?» እያለ ይሞግታል። ወዳጆቹ ደግሞ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። እንደኛ አገር ለቅሶ ደራሽ። የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው። ለስቃዩ ምክንያት አበጁለት፤ በደለኛ ባትሆን ይህ አይደርስብህም አሉት። እግዚአብሔር በመጨረሻ የተቆጣው በማን ላይ ነው? በእነርሱ። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። እግዚአብሔርን ሲሟገት የከረመው ሰው ቅን ተናጋሪ ተባለ፤ ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙት ተወቀሱ። ኢዮብ ራሱ ደግሞ መከራው ለምን እንደ መጣበት እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። ሰማይ ላይ የሆነውን የምናውቀው እኛ አንባቢዎቹ ነን።

ስለ መታጠር ከሆነ የጠየቅሽኝ፣ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር ላሳይሽ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰይጣን እግዚአብሔርን «ኢዮብን ዙሪያውን አጥረህለታል» ይለዋል፤ ክፉ እንዳያገኘው ማለቱ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ኢዮብ ራሱ እግዚአብሔር ዙሪያዬን አጠረብኝ ይላል፤ መውጫ አሳጣኝ ማለቱ ነው። ያው አጥር ነው፤ አንዱ ጥበቃ ይለዋል፣ ሌላው እስር ቤት። እናትሽ ያሉበትን ቤትም እንዲሁ አየዋለሁ። ላንቺ የታጠረብሽ ቤት ለእናትሽ በዓለም ላይ የቀረቻቸው አንዲት መጠጊያ ናት። ሁለቱም እውነት ነው፤ የአንዱ እውነት የሌላውን አይሽረውም። በነገራችን ላይ እናትሽም የታሰሩ ናቸው፤ በገዛ አካላቸው።

የጎንደርን ሰው ስለ መታጠር ስጽፍ ብዕሬ ወደ ፋሲል ግቢ መሄዱ አይቀርም። ያ ቅጥር አሥራ ሁለት በር አለው፤ ፊት በር፣ እርግብ በር፣ ተዝካሮ በር፣ እምቢልታ በር እየተባለ ለእያንዳንዱ ስም ወጥቶለታል። እዚህ ላይ «ቅጥር ባለበት በር አለ» ብሎ ማለፍ እንዴት ያምራል! አልለውም። አንቺ የምትኖሪው በንጉሥ ግቢ አይደለም፤ ቤትሽ አንድ በር ነው ያለው፣ በእርሱም ስትወጪ እናትሽን የሚያይ ሰው የለም። ችግሩ በሩ አይደለም።

ችግሩን ከእኔ በተሻለ የተናገረው መጻጉዕ ነው። በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት እሑድ በስሙ ይጠራል፤ ቅዳሴ ላይ ስንት ጊዜ ሰምተሽዋል። 38 ዓመት የተኛ በሽተኛ። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። መልሱ «አዎ» ነው ብለን እንጠብቃለን። እርሱ ግን «ሰው የለኝም» አለ። ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም። ስለ ሕመሙ ተጠይቆ ስለ ሰው መለሰ። አንቺ «መውጫ የለኝም» ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ እኔ «ሰው የለኝም» ብዬ አነበብኩት። የ87ኛው መዝሙር የመጨረሻ መስመርም ያው ነው።

ባለቤቴን ስድስት ዓመት አስታምሜአለሁ። ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ አንዲት ሌሊት ግን አትጠፋኝም። በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በስንት ቀን አንዴ፣ ያውም ሌሊት ነበርና ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ሳፋ ዘርግቼ አንሶላ አጥባለሁ። ወፍራም የአቡጀዴ አንሶላ ነው። ውኃ የጠጣ አንሶላ ለብቻ አይጨመቅም። አንዱን ጫፍ ከቧንቧው ጋር አስሬ ሌላውን ስጠመዝዝ ተፈትቶ ጭቃ ላይ ወደቀ። ለሁለተኛ ጊዜ የታጠበ ነበር። ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፤ ሰደብኩ፤ ማንን እንደ ሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ድምፄን ሰምታ በነጠላዋ ተከናንባ መጣች። አይዞሽም አላለች፣ ተመስገን በይም አላለች። አንሶላውን አንሥታ እንደገና አለቀለቀችውና አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ፤ ሌላውን ይዛ ወደ ግራ ጠመዘዘች፣ እኔ ወደ ቀኝ። ውኃው እግራችን ላይ ፈሰሰ። አሰጣነው፤ «ደኅና እደሪ» ብላኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ ውኃ በመጣ ቁጥር ሳልጠራት ትመጣ ነበር።

ስለዚህ መጽሐፉን ስከፍት አሁን የማየው ሌላ ነገር ነው። ሙሴን እይው። ዘኍልቍ 11 ላይ እግዚአብሔርን፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ የፀነስኩት እኔ ነኝን፣ ሞግዚት የሚጠባ ሕፃን እንደምትታቀፍ በብብትህ ያዘው የምትለኝ? ብቻዬን ልሸከመው አልችልም፣ እንዲህስ ከምታደርገኝ ግደለኝ አለው። ሙሴ ነው እንዲህ ያለው፣ ልጄ። ምን ተመለሰለት? ተግሣጽ አይደለም። ከአቅምህ በላይ አልሰጠሁህም አልተባለም። ሰባ ሽማግሌዎች ሰብስብ፣ ሸክሙን ካንተ ጋር ይሸከማሉ፣ ብቻህን አትሸከምም ተባለ። ኤልያስንም እይው፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ አለ። መልአኩ ስብከት አልሰበከለትም። እንቅልፍ ወሰደው፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞ ተኛ፤ ደግሞ አበላው። የሚሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና። አንቺ ከስንት ጊዜ ወዲህ ነው አምስት ሰዓት ያለ ማቋረጥ የተኛሽው?

«ከአቅምሽ በላይ አይሰጥሽም» ያሉሽ አባት ያነሡት ጥቅስ አንደኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ ያለው ነው። እርሳቸውን ልሞግት አይደለም፤ ለበጎ ነው ያሉት። ነገር ግን ከፍ ብለሽ ብታነብቢ፣ ጳውሎስ የሚናገረው እስራኤል በምድረ በዳ በጣዖትና በዝሙት ስለ ተፈተኑበት ነገር ነው፤ ወደ ኃጢአት ስለሚስብ ፈተና። ስለ ደከመች አስታማሚ አይደለም። ይኸው ጳውሎስ ለእነዚሁ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ መግቢያ ላይ ስለ ራሱ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? በእስያ የደረሰብን መከራ ከአቅማችን በላይ ከበደብን፣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ ቆርጠን ነበር ይላል። ከአቅም በላይ። እንግዲህ «ከአቅሜ በላይ ነው» ማለትሽ ከሐዋርያው ጋር ያስማማሻል እንጂ አያጣላሽም።

«ምነው ባረፈች» ስላልሽው ደግሞ ብዙ አልልም። አራት ዓመት ሙሉ እናቷን በየሁለት ሰዓቱ የምታገላብጥ ሴት ይህን ብታስብ የእናቷን ሞት መመኘቷ አይደለም፤ ሥቃያቸውም ድካሟም እንዲያበቃ መመኘቷ ነው። ለንስሐ አባትሽ ስትናገሪው ወንጀል እንደምታምኚ አድርገሽ ሳይሆን እንዲህ እንደጻፍሽልኝ ከነድካሙ ንገሪያቸው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ያሉት መላእክት ማየቱንስ ያዩሻል፤ ለዚያ ነው የተሣሉት። ግን ደግመሽ ስትሄጂ ቀና ብለሽ ልብ ብለሽ እያቸው። ፊትና ክንፍ ነው ያላቸው፤ እጅ የላቸውም። አንቺ የጎደለሽ እጅ ነው፤ እርሱን ከሰው ነው የምትፈልጊው።

ሰባ ሽማግሌ አላገኝልሽም። ሦስት ሰው ይበቃል።

አንደኛው ወንድምሽ ነው። ሲደውል «እንዴት ናችሁ?» ይልሻል፤ አንቺም «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትይዋለሽ። አይደለም? አራት ዓመት በዚህች አንዲት ቃል ደልለሽዋል። እርሱም መደለል ተስማምቶት ይሆናል፤ ገንዘብ የሚልክ ሰው የተሸከመ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ሲደውል እንዲህ በይው፦ «ደኅና አይደለሁም። የዓመት ፈቃድህን ሁለት ሳምንት እዚህ እንድታሳልፈው እፈልጋለሁ። እኔ አክስታችን ቤት ሄጄ እተኛለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በሳምንት ሦስት ሌሊት የምታድር ሴት የምንቀጥርበትን እንነጋገር።» አታልቅሺ፣ አትቆጪም፤ ቀኑን ብቻ ቁረጪ። «እናትን ወንድ ልጅ አያጥብም» ካለሽ እጁ ላይ ጓንት አድርጎ ማገላበጡን፣ ማጉረሱንና ልብስ ማጠቡን ይያዝ፤ ገላቸውን የምታጥብ ሴት ለሁለት ሳምንት ትገኛለች። እህትሽንም አትርሻት፤ ያችኛዋ ደግሞ ሰው ቤት የምታገለግል ከሆነች የአቅሟን ብቻ ጠይቂ፤ እርሷም የታጠረባት ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛዋን ከጽዋ ማኅበራችሁ ፈልጊ። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፤ ሰው እየታመመ ሳለ ግን ማን ምን ያድርግ የሚል ደንብ አላየሁም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። «ታድለሽ» ካሉሽ ጎረቤቶች አንዷን ምረጪና «እማማ፣ ምርቃቱን እንካፈለው፤ ሐሙስ ከሰዓት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እናቴ ዘንድ ይቀመጡልኝ» በያት። አፍሮ እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ሦስተኛው ሰው ማን እንደሚሆን እኔ አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ ካላሰብሽው ቦታ ነው የሚመጣው፤ የእኔዋ ከአጥር ወዲያ ነበረች። ድምፅሽን ካላሰማሽ ግን አትመጣም።

87ኛውን መድገም አታቁሚ። ሐሙስ ሲደርስ ካቆምሽበት ቦታ ቀጥይውና እስከ መጨረሻው ውጪው። ሌላ የምትጨምሪበት ከፈለግሽ 141ኛው አለ፤ የቅዳሜ ነው፤ ነፍሴን ከወኅኒ አውጣት ይላል፤ አርእስቱ ዳዊት በዋሻ ውስጥ ሳለ የጸለየው መሆኑን ይናገራል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከጥቅሱ ሁሉ ይልቅ ዛሬ ማታ ይጠቅምሻል። ሌሊት ስታገላብጫቸው ተረከዛቸውን፣ ዳሌያቸውንና የወገባቸውን ታች በባትሪ እዪ። የቀላና ስትጫኚው የማይነጣ ቦታ ካለ ቁስል ሊጀምር ነው፤ በቅቤም በቫዝሊንም አትሺው፣ ማሸቱ ያብሰዋል። በዚያ ጎን አታስተኚያቸው፤ ከባታቸው ሥር ትራስ አድርጊና ተረከዛቸው ፍራሹን ሳይነካ ይንጠልጠል። ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ስለ አየር ፍራሽ ጠይቂያት፤ ማገላበጡን አያስቀረውም፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ሰዓት ግን ሊያስረዝመው ይችላልና ምናልባት አንድ እንቅልፍ ይጨምርልሽ ይሆናል። ዋጋውን ለወንድምሽ ላኪለት።